የቮልስ መስታወት ጭረት፦ በዱቄት የሚለቀውና መነካት የሌለበት

ከአዳማ የደረሰው ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው የ1967 (እንደ ፈረንጆች) ሞዴል ቮልስ አላቸው፤ ከአባታቸው የወረሷት ናት። የሾፌሩ በር መስታወት ከላይ ወደ ታች በወረዱ ቀጫጭን ጭረቶች ተሞልቷል። የፊት መስታወቱ ላይ ደግሞ የዝናብ መጥረጊያው የሠራው ቅስት ጭረት አለ፤ ማታ ወደ ጅቡቲ የሚወጡና የሚመለሱ ከባድ መኪኖች መብራት ሲያርፍበት መንገዱ ይጠፋባቸዋል። አንዱ በጥርስ ሳሙና ይሹት ብሏቸዋል፤ አንድ ባትላሜራ ደግሞ በግራይንደር አጥፍቼ እሰጥዎታለሁ ብሏል። ጥያቄያቸው "ይለቃል ወይስ ልቀይረው?" የሚል ነው።

ሁለቱን መስታወቶች ለየብቻ ማየት ያስፈልጋል። የበሩ ጭረት አብዛኛው ሴሪየም ኦክሳይድ በሚባል የመስታወት ማብሪያ ዱቄት ይለቃል፤ ትዕግሥት ላለው ሰው ራሱ የሚሠራው ሥራ ነው። የፊቱ ግን ጭረቱ ጥፍር የሚይዝ ከሆነ አይሞረድም፣ ይቀየራል። ግራይንደሩን ለሁለቱም አያስጠጉ።

መጀመሪያ ያዩት ነገር ጭረት መሆኑን ያረጋግጡ። ከላቫጆ ወይም ከጉድጓድ ውሃ የሚቀር የጨው ነጠብጣብ ፀሐይ ሲጋግረው ጭረት ይመስላል። መስታወቱን በብዙ ውሃና ሳሙና ካጠቡ በኋላ አቼቶና ውሃ እኩል በእኩል ቀላቅለው ጨርቅ ይንከሩበት፤ ጨርቁን መስታወቱ ላይ ለጥፈው 5 ደቂቃ ያህል ያቆዩትና ያጥቡት። የሎሚ ጭማቂም ይሆናል። ቀለሙና የሚያብረቀርቀው ብረት ላይ እንዳይፈስ ብቻ ይጠንቀቁ። የቀለም ፍንጣቂና የሙጫ ቅሪት ካለ መስታወቱን በሳሙና ውሃ አርጥበው፣ አዲስ ምላጭ ጋደም አድርገው በአንድ አቅጣጫ ይግፉት፤ ወደ ኋላ መጎተት ምላጩ ሥር የገባውን ብናኝ መስታወቱ ላይ ያስኬደዋል። መስታወቱ ከውስጥ ጥቁር ላስቲክ የተለጠፈበት ከሆነ ደግሞ ጭረቱ የላስቲኩ ሊሆን ይችላል። ያ አይወለወልም፤ ላስቲኩ ይላጣል።

ከዚያ ከመስታወቱ ጀርባ ጥቁር ጨርቅ ይያዙና በእጅ ባትሪ ከጎን አጋድመው ያብሩበት። በጥፍርዎ ጫፍ ጭረቱን አቋርጠው ይሂዱ። ጥፍር ምንም ካልተሰማው ሴሪየም ብቻውን ይበቃዋል። በጣም ስስ ሆኖ ከተሰማው ሰዓታት ይፈጃል፤ ይደበዝዛል እንጂ ሙሉ በሙሉ ላይጠፋ ይችላል። ጥፍር ቀጥ ብሎ ከቆመበት ጥልቅ ነው፣ ሌላ ሥራ ነው። ጭረት ሳይሆን ጥቃቅን ነጥቦች ከሆኑ፣ ማለትም ጠዋት ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ ሲወርዱ ዝቅ ያለችው ፀሐይ መስታወቱን በሙሉ ካብለጨለጨችው፣ ነፋስና የፊተኛ መኪና ጎማ የወረወሩት አሸዋ የሠራቸው ጉድጓዶች ናቸው። እነዚህን ማውጣት የሚቻለው የመስታወቱን ገጽ በሙሉ እስከ ጉድጓዶቹ ግርጌ በመብላት ብቻ ስለሆነ መስታወቱ ይቀየራል።

ስለ ጥርስ ሳሙናው፦ መስታወት በሞስ የጥንካሬ መለኪያ 5.5 አካባቢ ነው። ብዙ የጥርስ ሳሙና ውስጥ ያለው ካልሲየም ካርቦኔት 3 ነው፤ ጥርስ እንዳይበላ ተብሎ የተሠራ ነገር መስታወት ሊበላ አይችልም። ቆሻሻውን ያጸዳል፣ ጭረቱ ውስጥ ገብቶም ለጊዜው ይሞላዋል፤ አንድ ጊዜ ሲታጠብ ሁሉም ይመለሳል። ቀለም ቀቢዎች የሚጠቀሙበት ኮምፓውንድ ችግሩ ሌላ ነው። ብዙውን ጊዜ ውስጡ ያለው አልሙኒየም ኦክሳይድ ከመስታወት ስለሚጠነክር ጭረቱን ሳያወጣ ገጹን ያደበዝዘዋል።

ግራይንደር ደግሞ ያለ ጭነት በደቂቃ እስከ 11,000 ዙር ይዞራል። በዚያ ፍጥነት ውሃውና ዱቄቱ ከዲስኩ ሥር ተፈናጥሮ ይወጣል፣ የሚቀረው ሙቀት ነው። ላሚኔትድ (በመካከሉ ፕላስቲክ ያለው ድርብ) የፊት መስታወት በአንድ ቦታና በአካባቢው መካከል የ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ልዩነት ሲፈጠር ሊሰነጠቅ ይችላል። ባይሰነጠቅ እንኳ ዲስኩ ትንሽ ጎድጓዳ ቦታ ትቶ ያልፋል፤ ያ ቦታ እንደ ሌንስ ስለሚሠራ መንገዱን አጣሞ ያሳያል። ጭረት ያናድዳል፤ የተጣመመ መስታወት ግን ርቀት ያሳስታል፣ ይህ አደጋ ነው።

አሁን ወደ በሩ እንምጣ። ከላይ ወደ ታች የወረደው ጭረት ምንጩ በሩ ራሱ ነው። መስታወቱ በሚገባበት ስንጥቅ አፍ ላይ ከውስጥና ከውጭ የሚጠርጉት ሁለት ጎማዎች አሉ፤ በጎን በኩል ደግሞ የሚንሸራተትበት ጨርቅ የለበሰ ቦይ አለ። በአዳማና በወንጂ መንገድ የሚነሳው አቧራ እሳተ ገሞራ የተፋው ነው፤ ለብሎኬት የሚቆፈረው ቀላል ድንጋይ ብናኝም አለበት፣ ከመስታወት የሚስተካከል ወይም የሚበልጥ ጥንካሬ ያለው ቅንጣት አያጣም። ጎማው ሲደርቅና ጨርቁ ሲያልቅ ያ ብናኝ ተሰክቶ ይቀራል፤ መስታወቱ በወጣና በወረደ ቁጥር ይቦጭረዋል። ስለዚህ ጎማዎቹንና ጨርቁን ሳይቀይሩ መስታወቱን ቢወለውሉ ጭረቱ በወራት ውስጥ ይመለሳል። የቮልስ እነዚህ ጎማዎች ዛሬም አዲስ እየተመረቱ ነው፤ ሲገዙ የበሩን ሞዴል ዓመት ይናገሩ። የበሩን ውስጥ በብሩሽና በውሃ አጥበው፣ ታች ያሉት የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች መከፈታቸውን ይዩ።

በሩ ከተከፈተ አይቀር መስታወቱን ቢያወጡት ይሻላል። የመስታወት ማንሻውን እጀታና የበሩን ልብስ ያንሱ፣ መስታወቱን ከማንሻው ጋር ያያያዙትን ቡሎኖች ይፍቱ፣ ከዚያ ጋደል አድርገው ቀስ ብለው ያውጡት። ጠረጴዛ ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ አንጥፈው ያስተኙት። የበር መስታወት ቴምፐርድ (በሙቀት የጠነከረ) ነው፦ ፊቱ ጠንካራ ሲሆን ጠርዙ ግን ደካማ ነው። ጠርዙን ሲሚንቶ ላይ ማቆም ወይም በብረት መንካት በአንድ ቅጽበት ፍርፋሪ ያደርገዋል።

የሚያስፈልገው ይህ ነው፦ ሴሪየም ኦክሳይድ ለአንድ በር 100 ግራም፤ 75 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጠንካራ የፌልት (የተጨመቀ ሱፍ) ዲስክ ከነመያዣው ሁለት፤ ፍጥነቱ የሚስተካከል ትራፓኖ፤ ውሃ መርጫ ጠርሙስ፤ ንጹሕ ጨርቅ፤ ማርከር፤ የቀለም ቀቢ የወረቀት ፕላስተር፤ የአፍ ጭምብልና የዓይን መከላከያ። ዱቄቱን በቀላሉ ካላገኙት ድንጋይ የሚያለሰልሱ ሰዎችን ይጠይቁ፤ የወሎን ኦፓል ለማብረቅ ከሚጠቀሙባቸው ዱቄቶች አንዱ ነው። ቀለሙ ከነጭ እስከ ፈዛዛ ሮዝና ቡናማ ይሆናል። ደማቅ ቀይ ዱቄት ቢሰጥዎት የብረት ኦክሳይድ ሊሆን ይችላል፤ እሱም መስታወት ያበራል፣ ግን እጅግ ቀርፋፋ ነው። የዱቄቱ ቅንጣት መጠን ከ1 እስከ 3 ማይክሮን ቢሆን ጥሩ ነው። በፌልት ምትክ ለመኪና ቀለም የሚሠራውን ስፖንጅ ወይም ጠጉራም ሱፍ አይጠቀሙ፤ ለስላሳ ስለሆነ ዱቄቱን መስታወቱ ላይ አጥብቆ አይዝም።

የሥራው ሰዓትና ቦታ በአዳማ ከመሣሪያው እኩል ይቆጠራል። ነፋሱ ሳይነሳ ማለዳ ይጀምሩ፣ በር የሚዘጋ ክፍል ውስጥ፣ ወለሉን ውሃ ረጭተው። ፌልቱ ላይ ያረፈች አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ቀድሞ ያልነበረ ክብ ጭረት ትሠራለች፤ መሬት የወደቀ ፌልትም በደንብ ሳይታጠብ አይመለስም። ቀትር ላይ ፀሐይ የመታው መስታወት ላይ አይሠራም። ዱቄቱ ወዲያው ይደርቃል፣ በጋለ መስታወት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስም ያሰነጥቃል።

50 ግራም ዱቄት ከ50 እስከ 60 ሚሊ ሊትር ውሃ ጋር ይበጥብጡ፤ ውፍረቱ የአጥሚት ያህል ይሁን። ዱቄቱ ቶሎ ስለሚዘቅጥ እየቆዩ ያማስሉት። ፌልቱን በንጹሕ ውሃ ካራሱ በኋላ ይቀቡት። ጭረቶቹን ከመስታወቱ ተቃራኒ ፊት በማርከር ያክብቧቸው፤ ሲሠሩ ገጹ በዱቄት ስለሚሸፈን ያለ ምልክት ቦታውን ያጡታል። አንድ ጥግ ላይ፣ በሩ ውስጥ በሚደበቀው የታችኛው ክፍል፣ መጀመሪያ ይሞክሩት።

ትራፓኖውን በደቂቃ ከ1,000 እስከ 1,500 ዙር ያድርጉት። ሳይዞር መስታወቱ ላይ ያሳርፉትና ከዚያ ያስነሱት፤ እየዞረ ከወረደ ዱቄቱን ግድግዳ ላይ ይረጨዋል። ፌልቱ በሙሉ ፊቱ ይተኛ። በጠርዙ ሲቆም ኃይሉ ሁሉ አንድ መስመር ላይ ስለሚያርፍ መስታወቱ ይግላል፣ ይጎደጉዳልም። 20 በ20 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቦታ ይምረጡና መጀመሪያ ወደ ጎን፣ ቀጥሎ ከላይ ወደ ታች ይሂዱ፤ እያንዳንዱ መስመር ያለፈውን በግማሽ ይደርብ። መካከለኛ ጫና በቂ ነው። የትራፓኖው ድምፅ ሲወርድ እየተጫኑት ነው ማለት ነው። አንድ ነጥብ ላይ መቆም ፈጽሞ የለም፤ ጭረቷ ላይ ብቻ መመላለስም እንዲሁ።

ይህ ዱቄት መስታወቱን የሚበላው በጥንካሬው ብቻ አይደለም። ውሃ የመስታወቱን እጅግ ስስ የላይኛ ገጽ ያለሰልሳል፤ ሴሪየሙ ያንን ገጽ በኬሚካል እየያዘ ያነሳዋል። ውሃው ሲያልቅ ሥራው ይቆማል፣ ሰበቃውና ሙቀቱ ግን ይቀጥላል። ዱቄቱ ደርቆ ቀለሙ ሲነጣ ወይም ፌልቱ መያዝ ሲጀምር ውሃ ይርጩ። በየ2 ወይም 3 ደቂቃው ያቁሙና በእጅዎ ጀርባ ይንኩት፤ ለብ ማለቱ ደህና ነው፣ እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ ግን ራሱ እስኪበርድ ይጠብቁ። ትራፓኖው በገመድ የሚሠራ ከሆነ ገመዱ ከትከሻዎ በላይ ይለፍ፣ መገጣጠሚያውም ከውሃው ይራቅ። በባትሪ የሚሠራ ቢገኝ ይመረጣል።

በየ10 ደቂቃው አጥበው፣ አድርቀው፣ በባትሪ መብራት ይዩት። ጥፍር የማይሰማው ጭረት ከ20 እስከ 40 ደቂቃ ባለ ሥራ መደብዘዝና መጥፋት አለበት፤ ሙሉው በር ግማሽ ቀን ይወስዳል። ከ30 ደቂቃ በኋላ ምንም ለውጥ ካላዩ ከሦስት አንዱ ነው፦ ዱቄቱ በጣም ቀጥኗል፣ ፌልቱ ለስላሳ ነው፣ ወይም ጭረቱ ካሰቡት ጥልቅ ነው። ጫና መጨመር ለሦስቱም መፍትሔ አይደለም።

ጥልቁን ጭረት ለማውጣት መጀመሪያ ገጹን መሞረድ ግድ ይላል። በበር መስታወት ላይ ይቻላል፤ ግን ጭረቷ በእርግጥ ካላስቸገረችዎ ባይነኩት እመርጣለሁ። የሚወስኑ ከሆነ በውሃ የሚሠራ የሲሊከን ካርባይድ ብርጭቆ ወረቀት ቁጥር 1000፣ 2000 እና 3000 ያዘጋጁ። በትንሽ የጎማ መደገፊያ ላይ ጠቅልለው፣ ሁልጊዜ በውሃ፣ ከጭረቷ ስፋት ብዙ እጥፍ ሰፋ አድርገው በእጅ ይሹ። በ1000 ሲጨርሱ ገጹ ወጥ የሆነ ጭጋግ ይመስላል። ከዚያ አጥበው፣ ውሃውንም ቀይረው፣ 2000ን አቋርጠው ያሂዱ፤ የ1000 መስመር አንድም ሳይቀር 3000 ላይ አይሂዱ። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሴሪየም የ3000ን ጭጋግ ያነሳል፤ የ1000ን ግን ቀኑን ሙሉ ቢሠሩ አይጨርሰውም።

መጣመሙን ለመፈተን መስታወቱን አቁመው በውስጡ ከ5 ሜትር ርቀት የቆርቆሮ አጥር ይመልከቱ፣ ጭንቅላትዎን ቀስ ብለው ወደ ግራና ቀኝ እያንቀሳቀሱ። የቆርቆሮው ቀጥ ያሉ መስመሮች የተሠራው ቦታ ላይ ሲደርሱ ከተውለበለቡ ጎድጉዷል። ይህን በየደረጃው ያድርጉ፤ ማውለብለብ ሲጀምር ጭረቱ ባይጠፋም ሥራው እዚያው ያበቃል። መጨረሻ ላይ ዱቄቱን ሳይደርቅ ያጥቡት፤ ጎማና ቀለም ላይ ከደረቀ ነጭ እድፍ ሆኖ ይቀራል። መስታወቱን ከነበሩ ለመሥራት ከመረጡም ዙሪያውን በፕላስተርና በላስቲክ መሸፈን ያለብዎት ለዚህ ነው።

የፊት መስታወቱ። በመጀመሪያ ጥጉ ላይ የታተመውን ያንብቡ። ላሚኔትድ ከሆነ ሁለት መስታወት ናቸው፣ በመካከላቸው 0.76 ሚሊ ሜትር ያህል ፕላስቲክ አለ። በዚያ ዘመን ግን ብዙ የአውሮፓ መኪኖች የፊት መስታወታቸውም ቴምፐርድ ነበር። ጽሑፉ ከጠፋ ፖላራይዝድ የፀሐይ መነጽር አድርገው፣ ፀሐይ ከጎንዎ ሆና፣ መስታወቱን አጋድመው ይዩት፤ በረድፍ የተደረደሩ ጥላማ ነጠብጣቦች ከታዩ ቴምፐርድ ነው። ያ መስታወት ጠጠር ቢመታው ፊትዎ ላይ በአንድ ጊዜ ፍርፋሪ ይሆናል ወይም ነጭ ሆኖ መንገዱን ይጋርዳል። ጭረት ኖረበትም አልኖረበትም በላሚኔትድ ይቀይሩት። የመኪናዋን ጥንታዊነት የሚቀንስ ነገር የለውም።

ላሚኔትድ ሆኖ የመጥረጊያው ቅስት ጥፍር የማይሰማው ጭጋግ ብቻ ከሆነ በሴሪየም ይወልውሉት፣ ግን ከበሩ በተለየ አኳኋን። ፍጥነቱን 1,000 ዙር ያድርጉ፣ ጭረቷ ላይ ሳያተኩሩ መጥረጊያው የሚጠርገውን ቦታ በሙሉ እኩል ያዳርሱ፣ ቆም እያሉ ያብርዱ። በሾፌሩ ዓይን ፊት ላለው ክፍል የብርጭቆ ወረቀት የሚባል ነገር የለም። ጥፍር የሚይዝ ቅስት፣ በተለይ ጎማው አልቆ ብረቱ የፋቀው፣ በዚያ ቦታ ላይ ካለ መቀየር ነው። ከጻፉልኝ ሁኔታ፣ መብራት ሲያርፍበት መንገዱ እስኪጠፋ ከደረሰ፣ የእርስዎ ወደዚህኛው ያደላል።

ሲገዙ ይጠንቀቁ፦ በነሐሴ 1964 (እንደ ፈረንጆች) የቮልስ መስታወቶች ሰፍተዋል፣ የፊቱም በትንሹ ጎበጥ ብሏል። ስለዚህ ለ1967 የሚሆነው ከ1965 ሞዴል ጀምሮ ያለው ነው፤ ከዚያ የቀደመው አይገባም። 1303 የሚባለው ሞዴል ከ1973 ጀምሮ ያለው በጣም የጎበጠው የፊት መስታወትም አይሆንዎትም።

የቮልስ የፊት መስታወት በሙጫ አይያዝም፣ በጎማ ነው። አሮጌውን ጎማ ለማዳን አይሞክሩ፤ በምላጭ ቆርጠው ያውጡት፣ ከሥሩ ያለውን ብረት ዝገት ፈትሸው ጠርገው ይቀቡ። አዲሱን ጎማ መስታወቱ ላይ አልብሰው ብረቱ በሚገባበት ቦይ ዙሪያውን 4 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ጠንካራ ገመድ ያስገቡ፤ ሁለቱ ጫፎች ታች መሐል ላይ ተደራርበው ወደ ውስጥ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ይንጠልጠሉ። ጎማውን በሳሙና ውሃ ያርጥቡ፤ ግሪስና ዘይት ጎማ ያበላሻል። አንድ ሰው ከውጭ በመዳፉ ይደግፋል፤ ሌላው ከውስጥ ገመዱን ወደ መስታወቱ መሐል ቀስ ብሎ ይስባል፣ የጎማው ከንፈር ብረቱን እየተሻገረ ይቀመጣል። ጥግ ላይ ከከበደ ቆም ብለው ሳሙና ይጨምሩ እንጂ በቡጢ አይምቱ።

አዲሱ መስታወት ላይ አሮጌውን መጥረጊያ አይመልሱ። በጋውን ሙሉ ፀሐይ ላይ የከረመ ጎማ በሰኔ የመጀመሪያ ዝናብ ላይ ይቦጭራል። በዓመት አንድ ጊዜ ግንቦት ላይ ይቀይሩት፣ እስከዚያ በየሳምንቱ በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉት። በደረቅ አቧራ ላይ መጥረጊያ አያስነሱ፤ መጀመሪያ ውሃ ይርጩ። በአንዳንድ የቮልስ ሞዴሎች ውሃ መርጫው የሚሠራው ከትርፍ ጎማው በሚያገኘው አየር ነው፤ ብዙ ቮልስ ላይ "ተበላሸ" የሚባለው ትርፍ ጎማው ስለተነፈሰ ነው። የእርስዎም እንደዚያ ከሆነ ጎሚስታ ዘንድ 40 ፒኤስአይ ገደማ ያስሞሉት፣ ቱቦውን ያያይዙ፣ ቀዳዳውን በቀጭን መርፌ ያጽዱ።